ለሽማግሌዎቹ ያልተረጎምኩት

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 3

የመዝሙር ልምምድ ነበረን። ከሥራ በቀጥታ መጥቼ ዘገየሁ። ሁለት ትሪ ሙሉ ሳፓሱይ ይዣለሁ፤ ኑድሉ ገና ትኩስ ስለነበር እጄን እየፈጀኝ ነበር። መንገዱ ግራና ቀኙ በመኪና ጢም ብሏል። ለአንድ አፍታ ብዬ አቆምኩ። ትሪዎቹን አስቀምጬ ልመለስ ነበር፤ ግን ቱሲ በር ላይ ያዘችኝ።

«መጣችልን! ነይ እንጂ፤ አንቺ ከሌለሽ አልቶ ዘማሪዎቹ ጎማው እንደተነፈሰ መኪና ነው የሚሄዱት!» ብላ ክንዴን ጎትታ አስገባችኝ። ቱሲ መዘምራኑን የምትመራው ናት፤ እሷ ከያዘችህ አትለቅህም።

የሕፃናት እሑድ ደርሷል፤ ብዙ ዘመርን። ፓስተር ኢዮአኔ የመዝጊያውን ጸሎት እንደጀመሩ አንድ ሰው በሩን ከፍቶ በእንግሊዝኛ ስለ መኪና ተናገረ። «ነጭ ቫን» አለ። ደግሞ አለ። ዓይኑን የገለጠ የለም። ፓስተር ሲጸልዩ የሚነሣ ሰው ከእኛ መሐል አልተወለደም። ነጭ ቫን ደግሞ እዚህ አውስትራሊያ፣ ሎጋን ከተማ ውስጥ ከሚኖር ሳሞአዊ የማን ቤት ነው የሌለው?

ፓስተር ጸሎት ያስረዝማሉ።

ስንወጣ አምቡላንስ መንገዱ መሐል ቆሟል። የቤተ ክርስቲያናችንን ጎረቤት የኖሪንን ባል፣ ኬቭን፣ በቃሬዛ ሣሩን አቋርጠው እያወጡት ነበር። ኖሪን በቤት ጫማዋ ከኋላ ትከተላለች። መኪናዬን አንሥቼ ሄድኩ። እግዚአብሔር ይማረው። ደክሞኛል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 6

የከተማው ካውንስል ማስታወቂያ የቤተ ክርስቲያናችን አጥር ላይ ተተከለ። ልንሠራው ያሰብነው አዲሱ አዳራሽ ሦስት መቶ ሰው ይይዛል፤ ወጥ ቤት አለው፤ የመኪና ማቆሚያው ግን ጠባብ ነው። ተቃውሞ ያለው ሰው እንዲያቀርብ ይላል። ከአገልግሎት በኋላ ሰው ሁሉ ከፊቱ ቆሞ ፎቶ ተነሣ፤ ሙሽራ ያገኙ ነው የሚመስለው።

አባዬ ፎቶው ውስጥ አልገቡም። የግንባታ ኮሚቴው ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው፤ የቤተሰባችንም አለቃ ናቸው። አሁን ያለው አዳራሽ ዱሮ የናፍጣ ጋራዥ ነበር። ሲዘንብ ጣሪያው እንደ ከበሮ ስለሚጮህ ስብከት አይሰማም። የእናቴ የቀብር ጸሎት የተደረገው እዚያ ነው፤ ለቀስተኛው ግማሹ ውጭ ዝናብ ላይ ቆሞ ነበር። አባዬ ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያስቡት አንድ ነገር ብቻ ነው።

ማታ እራት ላይ «ያ ሽማግሌ እንዴት ሆነ?» አሉኝ።

«የቱ ሽማግሌ?»

«የኖሪን ባል።»

«ሆስፒታል ነው መሰለኝ» አልኳቸው። አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 9

አትክልት መሸጫው ውስጥ ሁለት ሴቶች ሐብሐብ እያንኳኩ ያወራሉ። «ስታዲየም ሊሠሩብን ነው» ትላለች አንዷ። «በዘፈን ይገድሉናል፤ ከዚያ ቀብራችን ላይ ይዘፍናሉ።» ሌላዋ ሳቀች፤ ከዚያ አየችኝ፤ ከዚያ ስለ ሐብሐብ ማውራት ጀመሩ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ፈገግ አልኩላቸው።

በሥራ ቦታዬ ዓመታዊ ሥልጠና ነበር። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። አሠልጣኟ ስለ ስትሮክ ስታስረዳ «የሚባክነው እያንዳንዱ ደቂቃ የሚሞት አንጎል ነው» አለች። ይህን በየዓመቱ እሰማዋለሁ፤ ፈተናውንም በየዓመቱ አልፋለሁ። ዛሬ ግን ሽንት ቤት ገብቼ ቆየሁ። ምሳዬ አልተስማማኝም ይሆናል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 13

የሕፃናት እሑድ። ልጆቹ ከራስ ጸጉራቸው እስከ ጫማቸው ነጭ በነጭ። አንዷ የቱሲ የእህት ልጅ ጥቅሷን ረስታ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፣ በቃ» ብላ ተቀመጠች፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኬቭ በመስኮት ያጨበጭብልን ነበር። የኖሪን መጋረጃ ተዘግቷል። በሯ ፊት ያለው ጃካራንዳ ረግፎ የመኪና መግቢያውን ሐምራዊ አድርጎታል፤ ጎማ አልነካውም።

ዛሬ እዚያ ያቆመ ሰው አልነበረም። ስወጣ ሆን ብዬ አየሁ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 17

በእርጋታ ልጽፈው።

ኖሪን መጣች። ካውንስሉ ዘንድ ስማቸውን ካስመዘገቡት ተቃዋሚዎች አንዷ መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም ራሷ በእግሯ፣ የፍራፍሬ ኬክ በጨርቅ ሸፍና፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር መነጋገር እፈልጋለሁ ብላ መጣች። ፓስተር ለስብሰባ ኦክላንድ ሄደዋል። አባዬ፣ ሽማግሌ ሌሳና ሽማግሌ ቶሉ ተቀምጠዋል። ሌሳና ቶሉ ከሳሞአ የመጡት በቅርብ ነው፤ ልጆቻቸው ዘንድ ነው ያሉት። አባዬ ደግሞ ፈረንጅ ፊት እንግሊዝኛ አይናገሩም፤ በወጣትነታቸው ቄራ ሲሠሩ ስለሳቁባቸው ነው። ስለዚህ እኔ ተጠራሁ። እኔ ሁልጊዜ ነው የምጠራው፤ ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ ትምህርት ቤት፣ የሁሉም ሰው አፍ እኔ ነኝ።

ኖሪን ረጅም ተናገረች። እንዲህ ነበር ያለችው፤ ቢያንስ እዚህ ላይ በትክክል ልጻፈው።

«እኔና ኬቭ እዚህ የገባነው መንገዱ አፈር ሳለ ነው። በመዝሙራችሁ ቅር ብሎን አያውቅም። ሐሙስ ሐሙስ መስኮት ከፍቶ ‹ነፃ ኮንሰርት› ይላል። አዳራሹ ግን ሲያድግ መኪናው ይበዛል። ኬቭ በስትሮክ የወደቀ ዕለት ደጄ ላይ ነጭ ቫን ተገትሮ ነበር። የአምቡላንስ ልጆች መግባት አቃታቸው። አንዱ ሊለምናችሁ መጣ፤ ትጸልዩ ነበር፤ ማንም አልተነሣም። የማን መኪና እንደሆነ አልጠይቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። ደጄ ላይ ማንም መኪና እንደማያቆም ቃል ግቡልኝ፤ ነገ ጠዋት ሄጄ ተቃውሞዬን አነሣለሁ።»

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እዚህ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ ትላለች» አልኩ። «አዳራሹ በዛብኝ፣ መኪናውም በዛብኝ፣ ስለዚህ ተቃውሜያለሁ ትላለች።»

ሽማግሌ ሌሳ ቅንድባቸውን አነሡ። «ያ ሁሉ ንግግር ይህቺን ታክል ነው?»

«እንግሊዝኛ ረጅም ቋንቋ ነው» አልኩ። ሳቁ። ኖሪንም አብራ ሳቀች፤ የተስማሙላት መስሏት ነው። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ አብራን ሳቀች።

ከዚያ ሌሳ «የእግዚአብሔር ቤት በእሷ ግቢ ልክ አይሰፋም በይልኝ» አሉ።

«እናስብበታለን ይላሉ» አልኳት።

«ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ፣ የኔ ልጅ» ብላ እጄን ጨበጠችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

ኬኩ ተቆረሰ። አባዬ አልነኩትም። ስኳር አለብኝ አሉ። ስኳር የለባቸውም። እኔ ግን በላሁ። ቁራሹን ጨርሼ ሌላ ደገምኩ፤ አፌ ሥራ ፈትቶ እንዳይናገር ብዬ ይሁን ምን ይሁን።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 19

ወሬው ተዛመተ። «ኬክ ይዛ መጥታ ቤታችንን ልታዘጋ!» ይላሉ። ቱሲ ልምምዱን ወደ በረንዳ አወጣችው፤ ፊታችንን ወደ ኖሪን ቤት አዞረችን፤ ከበሮም አስመጣች። «እንግዲህ ከጠላችው በደንብ ትጥላው!» አለች። ወንዶቹ አጨበጨቡ።

ጠላሁ አላለችም። ነፃ ኮንሰርት ነው ያለችው።

ዘመርኩ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ የዘመርኩ ይመስለኛል፤ ቱሲ አውራ ጣቷን አነሣችልኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 23

አባዬ ዕቃ እያጠብኩ ሳለ ከኋላዬ ቆሙ። «የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

«ስለ ምን?»

«እንጃ። እንዲያው ካለ ብዬ።»

«የለም አባዬ።»

ፎጣውን አንሥተው ሳህኖቹን አንድ በአንድ አደረቁ። በሕይወታቸው ሳህን አድርቀው አያውቁም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 28

ኬቭ ሞተ። ቱሲ በስልክ ነገረችኝ፤ ዳቦ ቤት ሰምታ ነው። «ምስኪን» አለች፤ ከዚያ «እኛ እኮ ያን ቅዳሜ ከበሮውን...» ብላ ስልኩን ዘጋች። ሥራ ላይ ነኝ። አንዲት አሮጊት እያበላሁ ነው የሰማሁት። ማንኪያውን አፏ ድረስ ወስጄ ረሳሁት፤ «ልጄ፣ አፌን ከፍቼ ልኑር?» አለችኝ።

አርብ፣ ኖቬምበር 1

ኖሪንን የሱፐርማርኬቱ ወረፋ ላይ አገኘኋት። ልሸሽ ነበር፤ አየችኝ። ስለ ኬቭ ማዘኔን ነገርኳት። «ዶክተሩ፣ ኬቭ ቀድሞ ሆስፒታል ቢደርስም ልዩነት ላያመጣ ይችል ነበር ብሎኛል» አለች። «ላያመጣ ይችል ነበር። ይህን ቃል ነው ሌሊት የማገላብጠው።» ቀጥላ ደግሞ «ሽማግሌዎቹ አሰቡበት?» አለችኝ።

«ገና ናቸው» አልኳት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስለማትከፈት ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

ለራሴ የምለው ይህን ነው፦ የልምምድ ምሽት እዚያ ያላቆመ ሰው የለም። ሌላ ነጭ ቫን ሊሆን ይችል ነበር። ጸሎት ላይ ነበርን። ብነሣም ለመውጣት ሁለት ረድፍ ሰው ማለፍ ነበረብኝ። ይህን ሁሉ ለራሴ ስል ደግሞ ቁልፉ ያኔ በእጄ ውስጥ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ጨብጬው ነበር፤ ጥርሱ መዳፌን እስኪወጋኝ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 3

ከአገልግሎት በኋላ አባዬ ተነሡ። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። «የጎረቤታችን ባል በወደቀ ዕለት የእኛ መኪና በራቸውን ዘግቶ አምቡላንሱ መግባት እንዳቃተው ሰምቻለሁ» አሉ። «ሰው ሞቷል። መኪናው የማን ነው?»

ከማን ሰሙ? የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የተነገረው ለእኔ ጆሮ ብቻ ነበር።

ሌሳ «ይህን ደግሞ ማን ነገረህ?» አሉ። አባዬ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ዓይናቸው በየረድፉ ላይ አለፈ፤ እኔ ላይም እንደሌላው ሰው አለፈ፤ አልቆመም።

የተነሣ የለም። እኔም አልተነሣሁም።

«እንግዲያው የእኔ ነው» ብለው ተቀመጡ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 6

አባዬ የእናቴን ምንጣፍ ከሳጥን እንዳወጣ አዘዙኝ። ለሠርግና ለለቅሶ ካልሆነ የማይወጣውን፣ እንደ ሐር የሚለሰልሰውን።

«ኢፎጋ ልወጣ ነው» አሉ፤ በአገራችን የበደለ ሰው ምንጣፍ ተከናንቦ በተበደለው ደጅ ይቅርታ የሚለምንበት ነው። «ነገ ጠዋት ኖሪን ደጅ እቀመጣለሁ።»

«አባዬ፣ ፈረንጅ ናት! ምንጣፍ ተከናንበው ሣሯ ላይ ብታገኝዎት ምን እንደሆነ በምን ታውቃለች? ፖሊስ ነው የምትጠራው!»

«ትጥራ።»

«ካላነሣችልዎትስ?»

«እቀመጣለኋ።»

«ቢያንስ የቤተ ክርስቲያኑን ምንጣፍ ይውሰዱ፤ የእማማ ይበላሻል።»

ምንጣፉን ከእጄ ተቀበሉኝ። «የበደለው ቤት ምንጣፍ ነው የሚወጣው» አሉ። ከዚያ ሊተኙ ገቡ። እዚህ ወጥ ቤት ተቀምጬ ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ እያየሁት ነው። ላስብበት አልፈልግም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 7

በእግራቸው ሄዱ፤ መኪናዬ ውስጥ አልገባም አሉ። ከኋላ ከኋላ ተከተልኳቸው። ኖሪን ደጅ ደርሰው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ምንጣፉን ከላይ ደረቡት። አባቴ፣ የቤተሰባችን አለቃ፣ የአንድ ምንጣፍ ጉብታ ሆኑ።

እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። ልጅነቴን ሁሉ ስለ ኢፎጋ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ አይቼ ግን አላውቅም። ድሮ አገራችን ቢሆን የተበደለው ቤት ሰው ወጥቶ ምንጣፉን ያነሣል፤ ወይም አያነሣም። ያ ቤት ግን ምን እንደሚጠበቅበት ያውቃል። ኖሪን በመስኮት አየች፤ መጋረጃውን መለሰች፤ እንደገና አየች። ፀሐይዋ እየከረረች ሄደች። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። መንገዱን አቋርጬ ሁለት ቃል ብነግራት ይበቃ ነበር። ግን ሁለተኛው ቃል ምን ይሆናል? «ይቅርታ እየጠየቁ ነው» ስላት «በምን?» ትለኛለች።

ፖሊስ መጣ፤ የጠራው የማዶው ጎረቤት ነው። ወጣት ፖሊስ፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ።

«ሴትዮ፣ እኚህን ሰው ያውቋቸዋል? አመማቸው?»

«አባቴ ናቸው። አላመማቸውም። ይቅርታ እየጠየቁ ነው።»

«ስለ ምኑ?»

ያኔ ኖሪን በሩን ከፍታ ወጣች፤ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች፣ ፀጉሯ ሳይበጠር። «ሰፊና? አባትሽ ናቸው እንዴ? ምን ሆነው ነው?»

ሮጬ ምንጣፉ ሥር ገባሁ።

ውስጡ ይሞቃል፤ የእናቴ የኮኮናት ዘይት አሁንም ይሸታል። አባዬ በላብ ተጠምቀዋል። «አባዬ» አልኳቸው፣ «መኪናው የእኔ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ያን ቀን ስብሰባው ላይ የተናገረችውን...»

«ሰምቻለሁ። ሠላሳ ዓመት ቄራ ሠርቼ እንግሊዝኛ የማልሰማ መሰለሽ? መናገር ነው ያስጠላኝ እንጂ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እስክትይው ጠበቅኩሽ። ሌሳ ፊት ላዋርድሽ አልፈለግኩም። ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ብናገር ሰውየው ገና በሕይወት ነበር፤ እጁን ይዤ ይቅርታ እለው ነበር። ስለዚህ እዚህ የተቀመጥኩት ለአንቺ ብቻ አይደለም።»

አለቀስኩ። «አሁን ውጪና ተርጉሚ» አሉኝ። «በሙሉ።»

ራሴን ከምንጣፉ አወጣሁ፤ ከጉልበቴ ግን አልተነሣሁም። ነገርኳት። ቫኑን፣ ጸሎቱን፣ እጄ ውስጥ የነበረውን ቁልፍ፣ ስብሰባው ላይ የዋጥኩትን፣ ሌሳ ያሉትን፣ «እናስብበታለን» ያለ ሰው እንደሌለ። ፖሊሱ ጫማውን ያይ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ኖሪን የበሩን ክፈፍ ያዘች። «አብሬያችሁ ሳቅኩ እኮ» አለች። «ምን እያላችሁ እንደሆነ ሳላውቅ።»

«አዎ።»

«ይህን ነገር ባነሣው ምን ማለት ነው?»

«ይቅር ብለዋል ማለት ነው።»

«ካላነሣሁትስ?»

«እንቀመጣለን።»

ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደች። ምንጣፉን በአባዬ በኩል ያዘችው፣ ከራሳቸው ላይ ገለጠችው፣ ወደ እኔ አጠፈችው። ድርቡ እኔ ላይ ቀረ። በስህተት አልነበረም፤ በደንብ አስተካክላ ነው ያለበሰችኝ። አባዬን በክንዳቸው ደግፋ አነሣቻቸው። አባዬ በእንግሊዝኛ «በባልሽ በጣም አዝናለሁ» ሲሉ ሰማሁ፤ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ። ከዚያ የበሩ ድምፅ፣ የውሃ ማፍያው ድምፅ፣ የሁለት ሰው ንግግር። አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

ልክ ናት። ምንጣፉ ሥር ሆኜ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ነጎድጓድ ጀመረ። ኖሪን ዝንብ በሚከለክለው የሽቦ ወንፊት በር በኩል ጠራችኝ። «ሰፊና፣ ዝናቡ መጣ። ምንጣፉ ይበላሻል፣ አምጪው።»

ምንጣፉን ነው ያለችው። አጥፌ እስከ በሩ ወሰድኩላት። በሁለት እጇ፣ ሕፃን እንደምትቀበል አድርጋ ተቀበለችኝ። ከኋላዋ አባዬ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው አዩኝ፤ ነይ አላሉኝም። በሩ ተዘጋ።

ተመልሼ ሣሩ ላይ፣ የነበርኩበት ቦታ ተቀመጥኩ።